እሑድ እሑድ የማያስላት ሴት

እናቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያስላታል፤ እሑድ ትዘፍናለች። ይህን እንደ ቀልድ እያወራሁ ነው ያደግሁት። የሰፈር ልጆች የእናቶቻቸውን ቁጣ ሲያወሩ እኔ የእናቴን ሳል አወራ ነበር፤ ቀን መርጦ የሚመጣ፣ የእረፍት ቀን የሚያከብር ሳል። ልጆቹ ይንከተከታሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዛሬ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ያን ሳቄን ባስታወስኩ ቁጥር የገዛ አፌን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ቀልዱን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ የአባቴ እህት ናት። አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ አክስቴ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ አፏ ግን ዘብ የለውም። "የወንድሜ ሚስት በሥራ ቀን አሮጊት፣ በእሑድ ኮረዳ" ትላለች፣ እናቴ እየሰማቻት። እናቴ ዝም ትላለች። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ጥፋቱን ያመነ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ የዱቄት ሳሙና ማሸጊያ ክፍል። አንድ ቀን የረሳችውን ምሳ ላደርስላት ሄጄ በበሩ አጮልቄ አየሁ። ዱቄቱ ጣሪያው ሥር ከተሰቀለ ቋት በሰፊ ቱቦ ይወርዳል፤ ሴቶቹ ካርቶናቸውን ከሥሩ ደቅነው ይሞላሉ፣ ይመዝናሉ፣ ያሽጋሉ። ቅንድባቸው ነጭ፣ ትከሻቸው ነጭ፣ አየሩ ራሱ ነጭ ነበር። እናቴን የለየኋት በሳሏ ነው። ደመና ውስጥ የምትሠራ እናት ያለችኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ኮራሁ። የጣቶቿ ጫፍ ተልጦ ሥጋው የሚታየው ልብስ ስለምታጥብ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ፋብሪካው አዲስ ዱቄት አውጥቶ ነበር፤ ኢንዛይም የተጨመረበት። ዱቄቱን የቀመመው የፋብሪካው ኬሚስት ነው። ሠራተኞቹ ጋሽ አረፋ ይሉታል። "ሲናገር ባልዲው ጢም ይላል፤ እጅሽን ስትከቺ ውሃ ብቻ ነው" ትል ነበር እናቴ። እኔ ግን ወደድኩት። የሠራተኞች ቤተሰብ ቀን ተብለን በተጠራን ጊዜ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ሁለት ብርጭቆ አሳየን። በሁለቱም ውስጥ ከሁለት ቀን በፊት የተቀቀለ እንቁላል ነጩን ቆርጦ ከነዱቄቱ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ ነበር። በአንደኛው ብርጭቆ እንቁላሉ ጥጉ ሁሉ ተበልቶ ውሃው ደፍርሷል። በሌላኛው እንደተቆረጠ ነው፤ እዚያኛው ላይ ዱቄቱን አስቀድሞ አፍልቶታል።

ፕሮቲን ማለት ክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ ረጅም ሰንሰለት ነው አለን። ኢንዛይም ደግሞ ጨሌውን የሚበጥስ መቀስ ነው፤ ስታፈላው መቀሱ ይጣመምና አይቆርጥም። እጄን አውጥቼ መቀሱ ራሱ ከምን እንደተሠራ ጠየቅሁት። ፈገግ አለና እሱም ከጨሌ ነው አለ፤ ሰንሰለቱ ተጠማዝዞ፣ ተጣጥፎ መቀስ ይሆናል። ከዚያ ቀን በኋላ ዓለም በሙሉ የታጠፈ ጨሌ ሆነብኝ። ሙያዬን የሰጠኝ ያ ሰው ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ስጽፈው እንኳ ያንገሸግሸኛል።

ሰዎቹ ሲበታተኑ ወደ ጠረጴዛው ተጠግቼ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ እንቁላል የሚበላ ከሆነ ሰውስ አይበላም ወይ አልኩት።

"ሰውማ ሌላ ነው" አለኝ።

አመንኩት። በሳምንቱ የአክስቴን የሐር ሻሽ ላጥብላት ብዬ አዲሱ ዱቄት ውስጥ ሁለት ቀን ዘፈዘፍኩት፤ ስናወጣው ወንፊት ሆኗል። አክስቴ "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" እያለች ቆነጠጠችኝ። ሐር ከትል የሚወጣ ፕሮቲን መሆኑን ያን ጊዜ አላውቅም። እናቴ ግን ሻሹን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። በቀዳዳዎቹ በኩል ብርሃኑን አየች፤ ከዚያ የራሷን ጣቶች አየች። ኩሽና ገብታ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ስታገላብጥ ሰማኋት።

ያ ቀን መቁጠሪያ የታሪኩ ሁሉ ምሰሶ ነው። እናቴ ማታ ምድጃ ስትለኩስ ክብሪቱን እፍ ብላ ታጠፋና በጠቆረው ጫፉ የቀኑ ሳጥን ላይ ነጠብጣብ ታሳርፋለች። አንድ ነጠብጣብ፣ ሁለት ነጠብጣብ፣ ሲብስ ሦስት። ሰኞ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት፣ ቅዳሜ ሦስት፤ እሑድ ባዶ። የዓመት ፈቃድ የወሰደችበት ሳምንት ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር። እኔ ደብተሬ ሽፋን ላይ የትምህርት ፕሮግራም ነበረኝ፤ ሰኞ ሒሳብ፣ ማክሰኞ ሳይንስ። የእሷንም ሳየው የሳል ፕሮግራም ነው አልኩ። እናቴ የምታስልበትን ቀን አስቀድማ የምትደለድል አስመሳይ ናት ብዬ ደመደምኩ፤ በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ ያለ ማንም ረዳት። ወሩን ሙሉ ስታፈጥ የነበረችው ልጅ ያየችውን በትክክል አይታለች። የገባት ግን የአክስቷ ነገር ነው።

በነካካሁት ጊዜ እናቴ "አትንኪው፣ ሐሙስ ያስፈልገኛል" አለችኝ። ሐሙስ የፋብሪካው የጤና ኮሚቴ የሚሰበሰብበት ቀን ነበር። የጠየቀችው ትንሽ ነገር ነው፤ ከዱቄቱ ክፍል ወደ ደረቅ ሳሙናው ክፍል እንዲያዛውሯት። ደረቅ ሳሙናው ከኮሪደሩ ማዶ ነው፤ አቧራ የለበትም፣ ሙቀት ብቻ ነው። ማስረጃ አለሽ ወይ ሲሏት አለኝ ብላ ነበር። ከአክስቴ ጋር ሲጨቃጨቁ የሰማሁት ይህን ነው። አክስቴ ነገር አትቆስቁሺ ስትላት እናቴ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለች። ማስረጃ የሚለውን ቃል ያን ጊዜ የማውቀው ከሌባ ጋር ነው። ስለዚህ እናቴ ልትያዝ ነው ብዬ ሰጋሁ።

ከሐሙሱ በፊት ባለው እሑድ ጋሽ አረፋ ቤታችን መጣ። አክስቴ ገበያ ወጥታለች። እናቴ ታች ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ዘፈኗ በመስኮት ይገባል። በሩን ስከፍትለት ጥያቄ የምትወደው ልጅ አንቺ ነሽ አይደል አለና ከኮቱ ኪስ እጀታው ጥቁር የሆነ ማጉያ መነጽር አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ በፊት ከቤተሰቤ ውጭ ማንም ምንም ሰጥቶኝ አያውቅም። በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

መስኮቱ አጠገብ ቆሞ የእናቴን ድምፅ ትንሽ ሰማ። ከዚያ እናትሽ የምትጽፈው ነገር አለ ይባላል፣ አይተሽዋል ወይ አለኝ። በርጩማውን ጎትቼ፣ ቆሜበት፣ ቀን መቁጠሪያውን ከምስማሩ አወረድኩት። ጋሽ አረፋ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ሲገልጥ ፊቱ እየተለወጠ ሄደ። ያፈረባት መሰለኝ።

"እሑዶቹ ባዶ ናቸው" አለ፣ ለራሱ።

"እሑድማ አያስላትም" አልኩት። "የውሸቷን ነው።"

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ያ ሰው የተማረ ነበር። አንድ ሰው ሥራ ላይ ሲውል የሚብሰው፣ ሲያርፍ የሚተወው ሳል ምን ማለት እንደሆነ ሊገባው ይገባል፤ ገብቶታልም። ኢንዛይሙ ሳንባን እንደ እንቁላል ቆርጦ መብላት አያስፈልገውም። ባዕድ ፕሮቲን ነው፤ ሰውነት አንድ ጊዜ ጠላት ብሎ ከመዘገበው በኋላ ባገኘው ቁጥር ጦር ይመዛል፣ የአየር ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠብባል። ጠላቱ በሌለበት ቀን ጦሩ ይመለሳል። እናቴ ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት፤ ሐኪም ሳይነግራት በክብሪት እንጨት ደርሳበታለች። እሱ ደግሞ እጁ ላይ የያዘው ወረቀት እናቴ እውነተኛ መሆኗን እየነገረው፣ እኔ ውሸታም ናት ስለው አላረመኝም። እጁን ራሴ ላይ ጫነ።

"ብልህ ልጅ ነሽ" አለኝ። "ለእናትሽ ግን አትንገሪያት፤ እንዳታፍር።"

ቀን መቁጠሪያውን አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተና እናቴ ሳትወጣ ሄደ። እኔ በማጉያው የእጄን መዳፍ እያየሁ ቀረሁ። እናቴን ከሐሙስ ያዳንኳት መሰለኝ።

እናቴ ያጣችው በዚያው ምሽት ክብሪት ስትለኩስ ነው። ፍራሹን ገለበጠች፣ ሳጥኑን አራገፈች፣ የምድጃውን ሥር ጠረገች። አክስቴን ጠየቀቻት፣ አክስቴ ማለች። እኔን ስትጠይቀኝ አላየሁም አልኩ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ መፈለጓን አቆመች። ሐሙስ ባዶ እጇን ገባች። ኮሚቴው ሕመሙ ከሥራው የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ አልቀረበም፣ በዘር ሊሆን ይችላል አለ። ጋሽ አረፋ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ደመናው ውስጥ ሠራች።

በእነዚያ አራት ዓመታት ደረጃው እየረዘመባት ሄደ። አንደኛ ፎቅ ላይ ታርፋለች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ትላለች። ትከሻዋ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ጆሮዋ ይነሳል። ዛሬ ክፍል ገብቼ የሴልን ጉልበት ሳስተምር የምስለው ያን ደረጃ ነው። ሴል የስኳርን ሞለኪውል በኦክስጅን እስከ መጨረሻው ሲያነደው ሠላሳ ያህል የጉልበት ሣንቲም ያገኛል፤ ኦክስጅን ሲያጥረው መንገድ ላይ ጥሎት በሁለት ብቻ ይቀራል። የእናቴ የደረት ጡንቻዎች አየር ለማምጣት ሲታገሉ ያመጡትን አየር መልሰው ይጨርሱት ነበር። ተማሪዎቼ ቁጥሩን ይጽፋሉ። እኔ ወደ ቦርዱ ዞሬ ጠመኔውን እሰብራለሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ይመስለኛል፣ ጓደኞቼ ከኋላችን እየመጡ ሳለ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀመጠች። አፈርኩባት። ከላይኛው ደረጃ ዞር ብዬ "አይዞሽ፣ ነገ እሑድ ነው፣ ይለቅሻል" አልኳት። ጓደኞቼ ሳቁ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና የደረጃውን ብረት ይዛ ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ስትሆን ሳታርፍ ትወጣለች፤ ከንፈሯ እየጠቆረ ትወጣለች።

እውነቱን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ስለ አለርጂ የሚያወራ ምዕራፍ ነበር። ከሥራ ቦታ ለሚመጣ አስም ዋናው ምልክት በእረፍት ቀን መሻሉ ነው ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። እናቴ ዘንድ ሄጄ አልተናዘዝኩም። ፈራሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ መድኃኒቷን ገዛሁላት፣ ደረጃ የሌለው ቤት ተከራየሁላት፣ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ውጭ ሁሉንም ነገር ሰጠኋት።

ባለፈው ወር ኮሌጃችን አንድ ጡረታ የወጣ የኢንዱስትሪ ባለሙያ ለእንግዳ ንግግር ጋበዘ። ዲኑ በሠራተኛ ጤና ላይ ባደረጉት አስተዋጽኦ የተሸለሙ ናቸው ብሎ አስተዋወቀው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አረፋው ግን አልበረደም። በወጣትነቱ የኢንዛይም ዱቄት ብናኝ ሠራተኞችን እንደሚጎዳ ቀድሞ እንደደረሰበት፣ ኢንዛይሙን በሰም እየለበጠ ወደማይበን እንክብል እንደለወጠው ተናገረ። ከዚያ ማስረጃዬ ይህ ነበር ብሎ ስክሪኑ ላይ አንድ ፎቶ አወጣ። የክብሪት ነጠብጣብ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ባዶ እሑዶች። ጥጉ ላይ፣ የልደቴ ቀን ላይ፣ እኔ የሳልኳት አንድ እግር የጎደላት ጫጩት።

ስሟ ያልታወቀ አንዲት ሠራተኛ በፈቃዷ የሰጠችው ነው አለ።

እጄን አወጣሁ። ድምፄ የአስተማሪ ድምፅ ነበር። ይህ ወረቀት እጅዎ ከገባ በስንት ዓመቱ ነው ዱቄቱ የተለወጠው ብዬ ጠየቅሁት። ምርምር ጊዜ ይወስዳል፣ አራት ዓመት ገደማ አለ። በእነዚያ አራት ዓመታት የወረቀቱ ባለቤት የት ነበረች አልኩት። ለማወቅ ያስቸግራል አለ። አንቱታዬ እዚያው አለቀ።

"ጋሽ አረፋ" አልኩት፣ "በርጩማ ላይ ቆሜ ያወረድኩልህ እኔ ነኝ። ኮሚቴው ማስረጃ የላትም ሲላት ኪስህ ውስጥ ነበር።"

ዲኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ አረፋ መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ አየ፤ ሲያውቀኝ አየሁት። ለተማሪዎቹ እረፍት እንውሰድ አለና ከመድረኩ ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ያኔ አውጥቶት ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ይዘጋ እንደነበር፣ እናቴም እንጀራዋን ታጣ እንደነበር፣ በኋላ ግን ለብዙዎች መትረፉን በዝግታ አስረዳኝ። እናቴ የጠየቀችው ከኮሪደሩ ማዶ መሻገር ብቻ ነበር አልኩት። ማጉያ መነጽሩ አሁንም አለሽ ወይ አለኝ። እጄ ለጥፊ ተነስቶ ነበር፤ በምን ኃይል እንደያዝኩት አላውቅም። ዋናውን ወረቀት እንዲሰጠኝ ነገርኩት፤ በቦርሳው ውስጥ በፕላስቲክ ተቀምጦ ነበር። አወጣ። ተቀብዬው ወጣሁ፤ የዚያን ቀን ሁለተኛ ክፍለ ጊዜዬን ማን እንዳስተማረልኝ አላውቅም።

ወረቀቱን ይዤ አራት ቀን እናቴ በር ላይ እየደረስኩ ተመለስኩ። በአምስተኛው ቀን ስገባ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ነበረች፤ የምትስበው መድኃኒት በአንድ እጇ። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ጣቷን በነጠብጣቦቹ ላይ አስኬደች፣ ጫጩቷ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። እኔ ነኝ የሰጠሁት አልኩ። ለጋሽ አረፋ፣ በእጄ። ውሸታም ናት ብዬም ነገርኩት አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የያዝኩት በሁለት መስመር አለቀ።

"አውቃለሁ" አለች። ሰው ሳል ሲይዘው እንደሚናገረው ቆራርጣ ነው የምትናገረው። "በርጩማው ከምስማሩ ሥር ነበር። አልመለስሽውም።"

ለምን ዝም አለች? ለምን አልመታችኝም? ለምን ኮሚቴው ፊት ልጄ ነች የሰጠችው አላለችም? ጮህኩባት። አዎ፣ በዚያች ቀን እንኳ የጮህኩት እሷ ላይ ነው።

"የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይዤ ኮሚቴ ፊት ላቁም?" አለች። "ደግሞ ነጥቡ ምን እንደሆነ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ። ልጅ ናት፣ አይገባትም ብዬ።" ትንፋሿን ጠበቀች። "ይገባሽ ነበር።"

ይቅርታዋ ከጥፊ ባሰብኝ። የምቆጣበት አጥቼ ኩሽና ገብቼ ሰሃን አንኳኳሁ። ከኋላዬ ማሳል ጀመረች፤ ያ ረጅሙ፣ መጨረሻ የሌለው የሚመስለው። ተመልሼ ጀርባዋን ደገፍኩ። ሲያርፍላት ክብሪት አምጪልኝ አለችኝ። አመጣሁላት። ለኮሰችው። እፍ ልትለው ሞከረች፣ ትንፋሽ አልደረሳትም። ሁለተኛ ሞከረች። እሳቱ ወደ ጣቷ ሲቃረብ ጎንበስ ብዬ እኔ አጠፋሁላት።

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" አለችኝ።

የምታውቀውን ነበር የጠየቀችኝ። እሑድ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና የጠቆረውን ጫፍ ወደ ወረቀቱ አወረደች። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዶ በቆየ አንድ እሑድ ላይ ሦስት ነጠብጣብ አስቀመጠች።